ሠልጣኙ ከሥሩ የሚቆምበትን ሊፍት ማን መርምሮታል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ስለ ተሽከርካሪ ጥገና ሥልጠና ብዙ ሲጻፍና ሲነገር እንከታተላለን። የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ባለሙያ ከየት ይመጣል፣ ኮሌጆች ምን ዓይነት መመርመሪያ ይግዙ፣ የሙያ ደረጃዎቹ እንዴት ይከለሱ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ሞተሩ በነዳጅም ይሥራ በኤሌክትሪክ፣ ማንኛውም መኪና ከሥሩ ሊሠራ ሲፈለግ አስቀድሞ ከመሬት መነሣት አለበት፤ ለዚህ የሚያገለግለውና በጋራዥ ሊፍት የምንለው ማንሻ ደግሞ ወጣት ሠልጣኞች ጭንቅላታቸውን ከሥሩ አድርገው የሚውሉበት መሣሪያ ነው። ስለ እርሱ ደኅንነት ግን የሚጻፍ ነገር አላጋጠመኝም።

በአውቶሞቲቭ ሙያ አሠልጣኝነት ለብዙ ዓመታት የሠራሁ እንደ መሆኔ በዚህ ደብዳቤ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ባየኋቸው አብዛኞቹ ማሠልጠኛ ወርክሾፖች ውስጥ ሊፍት እንደ ጠረጴዛና እንደ መደርደሪያ የክፍሉ ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል እንጂ፣ ሠልጣኙ ለብቻው የሚማረውና የሚመዘንበት፣ በየዓመቱም በሚያውቅ ሰው ተመርምሮ በፊርማ የሚረጋገጥ መሣሪያ ተደርጎ አይያዝም። ሠልጣኙ ስለ ፍሬን፣ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ዲፈረንሻል ይማራል፤ እነዚህን ሁሉ ሲማር በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቆየው ሁለት ቶን ብረት ግን የሚነገረው ብዙ ጊዜ የማንሻና የማውረጃው ቁልፍ የትኛው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሊፍት መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። በየሠፈሩ ባሉ ትንንሽ ጋራዦች መኪናን በክሪክ ብቻ አንሥቶ፣ ሲበዛ ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ ደግፎ ከሥሩ ተንጋሎ መሥራት ዛሬም የተለመደ ነው፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በትክክል የተተከለና በትክክል የሚያዝ ሊፍት እጅግ የተሻለ መሣሪያ ነው። መኪናው ከላዩ ቆሞ ከሥሩ የሚሠራበት ጉድጓድ፣ ማለትም ፎሳውም ቢሆን፣ ከአየር የሚከብደው የቤንዚን ትነት የሚጠራቀምበትና ሰው የሚወድቅበት በመሆኑ የራሱ አደጋ አለው። የምከራከረው ሊፍቱ ይቅር ብዬ ሳይሆን፣ ሊፍቱ ደኅና የሚሆነው ደኅና የሚያደርጉት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

ከእነዚህ ነገሮች የመጀመሪያው የክብደት ሚዛን ነው። በማሠልጠኛዎች የተለመደው ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናውን የሚይዘው በአራት ክንዶች ነው፤ የሊፍቱ መለያ ሰሌዳ ላይ 4 ቶን የሚል ተጽፎ ከሆነ እያንዳንዱ ክንድ የሚሸከመው አንድ ቶን ያህል ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሦስት ቶን ተኩል የሚመዝን ጭነት ያለው ፒክአፕ ያነሣል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ሁለቱ የኋላ ክንዶች ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው፣ የፊቶቹ ደግሞ ቀልለው እንደሚቆሙ አያስተውልም። ክንዶቹ የሚያርፉበት ቦታም እንደ ደረሰ የሚመረጥ አይደለም። የመኪናው አምራች የወሰናቸው ነጥቦች አሉ፤ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን የሚሸከም የብረት አፅም፣ ባላቸው መኪኖች ሻንሲው ላይ፣ በሌሎቹ ደግሞ ከበሮቹ በታች ባለው የተጠናከረ ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። የጎማ ትራሶቹ በትክክል ከነጥቦቹ ሥር ካረፉ በኋላ መኪናው ጎማዎቹ ከወለል ጥቂት እስኪለቁ ድረስ ብቻ ተነሥቶ መቆም፣ ከፊትና ከኋላ በእጅ ተገፍቶ መነቅነቅ፣ የአራቱም ክንዶች መያዣ ጥርሶች መግባታቸው መታየት አለበት። ይህ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ መኪናው የሚንሸራተት ከሆነም የሚንሸራተተው ሰው ከሥሩ ሊገባ በማይችልበት ከፍታ ላይ ሳለ ይሆናል።

ሁለተኛው መቆለፊያው ነው። መኪናው የሚፈለገው ከፍታ ላይ ሲደርስ ሥራው የሚጀመረው በሃይድሮሊኩ ዘይት ግፊት ላይ ተንጠልጥሎ እያለ መሆን የለበትም፤ ጥቂት ወደ ታች ተለቆ በሁለቱም ምሰሶዎች ውስጥ ባሉት የብረት መቆለፊያ ጥርሶች ላይ መቀመጥ አለበት። የሃይድሮሊክ ቱቦ ሊፈነዳ፣ የፒስተን ጎሚኒ ሊያረጅ፣ ቫልቩም ሊያፈስ ይችላል፤ ጥርሱ ላይ የተቀመጠ መኪና ግን ዘይቱ ሁሉ ቢፈስ እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። ሆኖም ጥርሱ ላይ የማስቀመጡ ልማድ በሥራ ጥድፊያ መጀመሪያ የሚዘለለው ነገር ነው። ከዚህም የከፋው ድምፁ ሰለቸን ተብሎ ወይም ለማውረድ ያስቸግራል ተብሎ የመቆለፊያው መልቀቂያ በሽቦ ታስሮ የሚኖርባቸው ወርክሾፖች መኖራቸው ነው፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት በመንደር ጋራዥ ብቻ ሳይሆን ወጣቶች ሙያ በሚማሩበት ቦታም ጭምር ነው። ሠልጣኙ በዚያ ወርክሾፕ የተማረው ትምህርት ፍሬን መቀየር ብቻ አይደለም፤ መቆለፊያን በሽቦ ማሰር የሙያው አካል መሆኑንም ተምሮ ወጥቷል።

ስለ ወለሉ ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ራሱን ችሎ የሚቆም ሳይሆን በብሎኖች ከኮንክሪቱ ጋር የታሰረ ነው፤ መኪናው ክንዶቹ ላይ ሲያርፍ ምሰሶው ወደ ውስጥ ሊያዘነብል ይፈልጋል፣ ብሎኖቹም ከወለሉ ሊነቀሉ ይሳባሉ። አምራቾች እንደ ሥሪቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት ያለው፣ በጥራት የተሞላና በቂ ጊዜ ያገኘ ኮንክሪት ይጠይቃሉ። በአገራችን የተለመደው የምድር ቤት ወለል ደግሞ 25 ሴንቲሜትር በሚሆን ድንጋይ ላይ የሚሞላ የ10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ነው። ይህም ማለት ወርክሾፑ ሲሠራ ሊፍት እንደሚተከልበት ታስቦ ካልተሠራ በስተቀር፣ ወለሉ ከሚጠየቀው ዝቅተኛ ልክ አፋፍ ላይ ነው ወይም ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። በላዩ ላይ የሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ካለ ብሎኑ የያዘው የትኛውን እንደ ሆነ ያለ ምርመራ ማወቅ አይቻልም። በብዙ ማሠልጠኛዎች ወርክሾፑ ከሊፍቱ በብዙ ዓመታት ስለሚቀድም፣ ሊፍቱ በግዥም ሆነ በእርዳታ ሲመጣ ባለው ወለል ላይ ይተከላል። በምሰሶው እግር ዙሪያ የፀጉር ስንጥቅ የሚያህል መስመር ከታየ ጉዳዩ የቀለም ቅብ ጉዳይ አይደለም፤ ሊፍቱ ወዲያውኑ መዘጋት አለበት።

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ጋራዥ የሚሠራ ነው። ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ግን ከጋራዥ የሚለይበትና አደጋውም የሚበዛበት ምክንያት አለው፤ የሚያነሣው መኪና እንደ ደንበኛ መኪና ሙሉ አይደለም። ለማስተማሪያ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ፣ ከአገልግሎት የወጣ፣ በየዓመቱ የሚፈታና የሚገጠም መኪና ነው። ባለፈው ሴሚስተር የሞተር ክፍል ተማሪዎች ሞተሩን አውርደውት ገና አልተመለሰ ይሆናል፤ ካምቢዮው ለሌላ ትምህርት ጠረጴዛ ላይ ይሆናል፤ ከበሮቹ በታች ያለው ጠርዝ በዝገት ተበልቶ ቀለሙ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። የአምራቹ መጽሐፍ የሚያሳየው የማንሻ ነጥብ የተወሰነው ግን ሞተሩም ካምቢዮውም በቦታቸው ላሉት፣ ብረቱም ደኅና ለሆነ መኪና ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ማሠልጠኛ ሞተር የሌለው አውቶሞቢል በመጽሐፉ መሠረት በትክክለኛዎቹ ነጥቦች ላይ ተደግፎ ሲነሣ አፍንጫው ሽቅብ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ሲያጋድል ተመልክቻለሁ፤ ከመሬት ሁለት ስንዝር እንኳ ስላልራቀ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ነክተው ቆመ። አሠልጣኙ የተለመደውን የዝቅተኛ ከፍታ ፍተሻ ባያደርግ ኖሮ መኪናው የሚያጋድለው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የማስተማሪያ መኪና ምን ምን እንደ ጎደለው የሚገልጽ ወረቀት መስተዋቱ ላይ ሊለጠፍበት፣ ጠርዙ የበሰበሰ መኪናም በባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ጨርሶ እንዳይነሣ ሊከለከል ይገባል። ከባድ ዕቃ ሊወርድለት የተነሣ መኪና ደግሞ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት ከፊትና ከኋላ በረጃጅም የብረት መደገፊያዎች መያዝ አለበት።

ሌላው ልዩነት የሰው ብዛት ነው። በጋራዥ ከአንድ ሊፍት ሥር አንድ ወይም ሁለት መካኒክ ይቆማል፤ በማሠልጠኛ ግን አሠልጣኙ የፍሬን ቱቦውን ሲያሳይ ክፍሉ በሙሉ ከሥሩ ይሰበሰባል፣ የኋለኞቹ የፊተኞቹን ገፍተው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ አንዱ ምሰሶውን ተደግፎ ሳያስበው ማውረጃው ላይ እጁን ያሳርፋል። ወጣት ስለ ሆኑ መጓጓታቸው የሚያስደስት ነገር ነው፤ ልንከለክለው የሚገባን ጉጉታቸውን ሳይሆን አቋቋማቸውን ነው። ሊፍቱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ሠልጣኞች ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ከተሠመረ መስመር ውጭ መሆን አለባቸው፤ ሊፍቱን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ እርሱም ሲያነሣም ሲያወርድም ከመቆጣጠሪያው ሳይለይ ዓይኑን መኪናው ላይ ማድረግ አለበት፤ መኪናው ጥርሱ ላይ ከተቀመጠ በኋላም ዋናው ማብሪያ ተዘግቶ ቁልፉ በአሠልጣኙ ኪስ ይገባል። ከሥሩ የሚገቡትም በቡድን በቡድን ይሁኑ። በዚህ አሠራር ትምህርቱ እንደሚጓተት አውቃለሁ፤ ይጓተት።

የመብራት ነገርም እንደኛ ላለ አገር በተለየ ሁኔታ መታሰብ ያለበት ነው። መኪናው ተነሥቶ እያለ መብራት ሲጠፋ በአብዛኞቹ የሃይድሮሊክ ሊፍቶች መኪናው ከመቆለፊያው ሊላቀቅ የሚችለው መጀመሪያ ጥቂት ከፍ ሲል በመሆኑ መብራቱ እስኪመጣ ባለበት ይቆያል። አደጋው የሚመጣው የክፍለ ጊዜው ደወል ሲደወል ወይም የመኪናው ባለቤት ሲቸኩል፣ አንድ ብልኀተኛ ሰው መቆለፊያውን በብረት ዘንግ ፈንቅሎ ለማውረድ ሲሞክር ነው። እንዲህ ያለው ሰው በየወርክሾፑ አለ፤ ብዙውን ጊዜም የተመሰገነ ነው። በእጅ የማውረጃ ዘዴ ያለው ሊፍት ከሆነ ዘዴው ለአሠልጣኞች አስቀድሞ መታየትና መለማመድ አለበት እንጂ በጨለማ የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም። በባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ በዘይት ግፊት ሳይሆን ምሰሶው ውስጥ በሚዞር ረጅም ብሎን የሚያነሡ ባለ ብሎን ሊፍቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። መስመር ተበላሽቶ ሲጠገን ፌዞቹ ተለዋውጠው ከተቀጠሉ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፤ ማንሻው ሲጫን ሊፍቱ ይወርዳል፣ ማውረጃው ሲጫን ይነሣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሊያቆመው የተሠራው ማብሪያም የተሳሳተውን አቅጣጫ ስለሚጠብቅ አያቆመውም። ስለዚህ በወርክሾፑ ወይም በአካባቢው የኤሌክትሪክ ጥገና በተደረገ ቁጥር ሊፍቱ መኪና ሳይጫንበት መሞከር አለበት። በእነዚሁ ሊፍቶች ውስጥ ክብደቱን የሚሸከመው ነት በመፈጋፈግ እያለቀ እንደሚሄድ፣ ከሥሩም መጠባበቂያ ነት እንዳለና በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በየጊዜው መለካት እንዳለበት የሚያውቁ አሠልጣኞች ቢኖሩም ብዙዎች እንዳልሆኑ ከልምዴ መናገር እችላለሁ።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው መጥቷል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምናየው የፎልክስዋገን አይዲ.6 ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሥሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ባትሪ ነው። የባትሪው ሳጥን ወለሉን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስለሚሸፍን የሊፍቱ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ትራሱ ወደ ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ቢገባ ክብደቱ ባትሪው ላይ ያርፋል፣ የተጎዳ ባትሪም ወዲያው ባይሆን እንኳ ቆይቶ ሊቃጠል ይችላል። ይህ ሞዴል ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ በመሆኑ የጥገና መጽሐፉም በቻይንኛ ነው፤ አሠልጣኙ የማንሻ ነጥቡን የሚፈልገው በሥዕሉ ነው ማለት ነው። ባትሪው እንዲወርድ ከተፈለገ ደግሞ ከታች በጠረጴዛ ማንሻ ተደግፎ ነው የሚወርደው፤ ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ክብደት ከመካከል ሲወጣ የቀረው ሚዛን ሞተሩ ወዳለበት ጫፍ ያደላል። ለቪትዝና ለኮሮላ ተብሎ የተገዛ ሊፍት፣ ለቪትዝና ለኮሮላ የተለመደ አያያዝ፣ ለዚህ አይበቃም። አዳዲስ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሥልጠናዎችን የሚከፍቱ ተቋማት ከመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ግዥ በፊት ሊፍታቸውን ቢመለከቱ መልካም ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚመረምረው ማን ነው? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ መሠረት ሊፍት ቢያንስ በየ12 ወሩ፣ ሰው የሚያነሣ ከሆነም በየ6 ወሩ፣ ብቃት ባለው ሰው በጥልቀት ይመረመራል። የአሜሪካው ብሔራዊ ስታንዳርድም ዓመታዊ ምርመራ ይጠይቃል፤ በየዕለቱ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ እንዲፈትሽ ያዛል። የሙያ ሥልጠና ሥርዓታችን ብዙ ነገር በወሰደበት በጀርመን ሊፍትን ራሱን ችሎ ማንቀሳቀስ የሚችለው 18 ዓመት የሞላው፣ በመሣሪያው የሠለጠነ፣ ችሎታውን ያሳየና አሠሪው በጽሑፍ የመደበው ሰው ብቻ ነው። ሥርዓተ ሥልጠናውን ስንወስድ ይህችን የጽሑፍ ምደባ ለምን እንደ ተውናት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ ነጻ እንዲያደርግና ለሠራተኞቹ ተገቢውን መመሪያ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥልበታል። ነገር ግን አዋጁ ሙያ ለመልመድ ከሚደረገው ውል በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ያደርጋል። ውጤቱ የሚያስገርም ነው፤ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ከአንድ ሊፍት ሥር ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት ሰዎች አሠልጣኙ ሠራተኛ በመሆኑ አዋጁ ይጠብቀዋል፣ ልምድ የሌለውና ይበልጥ ጥበቃ የሚያሻው ሠልጣኝ ግን ከዚያ ውጭ ነው። ይህ ማለት ተቋማቱ ኃላፊነት የለባቸውም ማለት አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመሣሪያ ባለቤት መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ እንዲያንቀሳቅሰው ባልተፈቀደለት ሰው እጅ የደረሰ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። የኮሌጅ ዲኖች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ለሊፍቱ ምርመራ በጀት መፈለግ የሚጀምሩ ይመስለኛል። ነገር ግን ካሣ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ስላለው ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ሥልጠናውም የሥራ ደኅንነት ቁጥጥሩም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር በመሆናቸው፣ ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም የሚባልበት ምክንያት የለም። ሚኒስቴሩ በአንድ መመሪያ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው፣ ዓመታዊ የምርመራ ወረቀት የሌለው ሊፍት ባለበት ወርክሾፕ ከተሽከርካሪ ሥር የሚሠራ የተግባር ሥልጠናም ሆነ የብቃት ምዘና እንዳይሰጥ መከልከል ነው። ሁለተኛው፣ ሊፍትን መያዝ በራሱ እንደ አንድ ብቃት ተቆጥሮ ሠልጣኙ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት እንዲመዘንበት ማድረግ ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው። ምዘናውም የቃል ጥያቄ አይሁን። ሠልጣኙ የማያውቀው መኪና ቀርቦለት ክብደቱን ከአምራቹ መለያ ሰሌዳ ያንብብ፣ የማንሻ ነጥቦቹን ያግኝ፣ ዝቅ አድርጎ አንሥቶ ይነቅንቅ፣ ጥርሱ ላይ ያስቀምጥ፣ ያውርድ። ሆን ተብሎ የጎማ ትራሱ የተበላሸ ወይም የክንድ መያዣው የማይገባ ሊፍት ቀርቦለት አላነሣም ብሎ እምቢ ማለት ይችል እንደ ሆነም ይታይ። ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች የሚላኩ ሠልጣኞች ይህን ምዘና ማለፋቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ቢሄዱ፣ እምቢ የማለት አቅም ይኖራቸዋል፤ ያለዚያ በማያውቁት ጋራዥ፣ በማያውቁት ሊፍት ሥር፣ ጋሼ ግባ ካሉ የሚገቡ ልጆች ናቸው።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ለቢጫ ቀለም፣ ቁልፍን ኪስ ውስጥ ለመክተት፣ የመኪናውን ጉድለት ወረቀት ላይ ጽፎ ለመለጠፍ፣ በየማለዳው የብረት ገመዱን፣ ትራሶቹን፣ የዘይት ፍሳሹንና የወለሉን ብሎኖች አይቶ ደብተር ላይ ለመፈረም ገንዘብ አያስፈልግም። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዓመታዊ ምርመራውና ለሚለወጡ ዕቃዎች ነው፤ ለዚህም በአንድ ከተማ ያሉ ኮሌጆች ተባብረው ጥቂት አሠልጣኞቻቸውን በመርማሪነት ቢያሠለጥኑ፣ አንዱ የሌላውን ሊፍት ቢመረምር ወጪው የሚከብድ አይሆንም። የራስን ሊፍት ራስ መመርመር ግን አይበቃም፤ ዓይን የለመደውን ጉድለት አያይም። አዲስ ሊፍት ሲገዛም ሰነዱ ላይ ዋጋውና የሚያነሣው ክብደት ብቻ ሳይሆን የሚሟላው ስታንዳርድ፣ ለምሳሌ ኢኤን 1493 የተባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ የሚያስፈልገው የወለል ውፍረትና ተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይካተት።

ምርመራውን ያላለፈ ሊፍት ዋናው ማብሪያው በቁልፍ ተዘግቶ ምክንያቱ ተጽፎበት ይቁም። በዚያ ሴሚስተር የጎማ፣ የፍሬንና የባሌስትራ ሥራ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በወለል ላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ካምቢዮ ማውረድ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፋል ወይም ሠልጣኞቹ ሊፍቱ ደኅና ወደ ሆነ ሌላ ኮሌጅ ይላካሉ። የሚኒስቴሩ፣ የክልልና የከተማ አስተዳደር ሥልጠና ቢሮዎች ኃላፊዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የያዙት አሠራር ካለ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጹልን፣ ከሌለም መቼ እንደሚያወጡ ቢያስታውቁን እኔም የሥራ ባልደረቦቼም በጉጉት እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር
የአውቶሞቲቭ ሙያ አሠልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ